ከፍሬን ያልተነሳ እግር

መኪናዋ መጮህ የጀመረችው ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ላይ ነበር። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት ጎማዎቹ ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ ይወጣል። ሲቀላ ገበያው አጠገብ ስደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው ለመሳቅ እሞክር ነበር።

ሃያ ዓመት ያህል የአንድ ፕሮጀክት ሾፌር ነበርኩ። ዶርዜን አልፎ ጨንቻ፣ ወዲህ ደግሞ ምዕራብ ዓባያ፣ ያልነዳሁበት የጋሞ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ይቺን አሮጌ የቤት መኪና ገዛሁና የሰፈሩን ልጆች በኮንትራት ትምህርት ቤት ማመላለስ ጀመርኩ። አራት ልጆች ጠዋት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ። ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ልጆቻችን አድገው ከተማውን ለቀዋል። ኑሯችን የቆመው በእሷ ደመወዝና በዚያች መኪና ላይ ነበር።

ሲጥታው ሲጀምር ወደማውቀው መካኒክ ወሰድኳት። ከወላይታ የመጣ፣ ከፕሮጀክቱ ጊዜ ጀምሮ የማውቀው፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ጎማዎቹን ፈትቶ ዲስኩን ከሁለት በኩል ቆንጥጠው የሚይዙትን የፍሬን ሸራዎች ቀየረልኝ። ድምፁ ጠፋ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ተመለሰ። እንደገና ስወስዳት ጎማውን ፈትቶ አየ። ከዚያ አንዱን ሸራ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ፊቱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጭ ነበር።

«ይሄ ተቃጥሏል» አለኝ። «እግርህን ከፍሬን ላይ አታነሳም እንዴ? በየቀኑ ከጨንቻ የሚወርድ መኪና እንኳ እንዲህ አይሆንም።»

ዋሸሁት። ደጋ የሚወጣ ዕቃ አግኝቼ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጨንቻ እመላለሳለሁ አልኩት። እንግዲያውስ በማርሽ ውረድ፣ ይሄ ለአንተ አይነገርም ብሎ አዲስ ሸራ ገጠመልኝ። ዓይኑን ሸሽቼ ነው ከጋራዡ የወጣሁት። ተመልሼ እዚያ መሄድ እንደማልችል ያኔውኑ ገብቶኛል።

እውነቱ ዓይኔ እየጠፋ መሆኑ ነበር።

እንዴት እንደሚጠፋ ለሰው ማስረዳት ይከብዳል። ፊት ለፊቴ ያለውን ነገር አጥርቼ አያለሁ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆሜ ደቃቅ ፊደል ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ያለ መነጽር የማነበው እኔ ነበርኩ። እኩዮቼ የአንተ ዓይን የጎረምሳ ነው ይሉኛል። የጠፋብኝ ዳር ዳሩ ነው። በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ቧንቧው ደግሞ ከወር ወር ይጠብ ነበር። ከጎን የሚመጣ ሰው ከመሬት የበቀለ ይመስል ድንገት ፊቴ ይቆማል። ባጃጅ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው አፍንጫዬ ሥር ይገኛል።

ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር። አባቴ ኦቾሎ መንደር ሸማኔ ነበር። እኔ ዛሬ ያለሁበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ከበር መቃን ጋር መጋጨት ጀመረ። ከጎኑ ሰላም ላለው ሰው መልስ አይሰጥም፤ መንደሩም ኮራብን ብሎ አማው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሽመናው ጉድጓድ የሚወርደው እናቴ እጁን ስትይዘው ብቻ ሆነ። ድሩን በጣቱ እየዳበሰ አንድ ዓመት ያህል ታገለና ተወው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጨረሳቸው። ሐኪም ቤት ያልሄድኩት የሚሉኝን ስለማውቀው ነው። ለባለቤቴም አልነገርኳት። መንዳት ካቆምኩ ምን እንደምሆን ለራሴም መመለስ አልቻልኩም ነበር።

ስለዚህ በፍርሃት እነዳ ጀመር። ነዳጁን ነካ አድርጌ እግሬን ወዲያው ወደ ፍሬኑ እመልሳለሁ። በሜዳው መንገድ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ተኝቶ ይውላል። ሸራዎቹን የሚያቃጥላቸው ይሄ ነበር።

ሌላም ያደረግሁት ነገር አለ። ለመናገር የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ከአራቱ ልጆች ትንሿ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሲቀላ ላይ የጅምላ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። ይህች ልጅ ያየችውን ሁሉ ትናገራለች። ጋሼ አህያ መጣ፣ ጋሼ ባጃጅ፣ ጋሼ ያቺ ሴትዮ ሙዝ ተሸክማ ልትሻገር ነው ትላለች። አንድ ቀን ጠዋት ከኋላ አንስቼ ጋቢና አጠገቤ አስቀመጥኳት። ሌሎቹ ለምን እኛስ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ እሷ ከኋላ ስትቀመጥ ያስመልሳታል አልኳቸው። እሷ ደስ ብሏት እግሯን እያወዛወዘች ያየችውን ስትቆጥርልኝ ትውላለች። ለወራት በዚያች ልጅ ዓይን ነዳሁ።

ሚያዝያ ላይ ሲጥታው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በዚህኛው ዙር ከሲጥታው ሥር የብረት መፋጨትም ይሰማ ነበር። ከልጆቹ የአንዷ እናት በር ላይ ጠበቀችኝና፣ ጋሼ ይሄ ነገር ያስፈራኛል፣ ካልተሠራ ልጄን በሌላ መኪና ላደርጋት ነው አለችኝ። በአክብሮት ነው የተናገረችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቃሏን ሳመላልስ ዋልኩ። ወደ መካኒኩ ብሄድ ያውቅብኛል። ወደ ሌላ መካኒክ ብሄድም ያው ጎማውን ሲፈታ የሚጠይቀኝ እሱኑ ነው። ቅዳሜ ቤቴ ውስጥ ራሴ ልሠራው ወሰንኩ።

ሸራዎቹን አርብ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር አቆምኳት። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድኩ፣ የፊቱን በክሪክ አነሳሁ፣ ከሥር የዛፍ ግንድ ቁራጭ አስገባሁ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ እያጠበች ዛሬ ምን ነካህ አለችኝ። በፕሮጀክቱ ጊዜ ስንቱን ጫካ ውስጥ ፈትቼ እገጥም አልነበር ወይ አልኳት። እውነት ነው፣ እገጥም ነበር።

የግራው ጎማ ብዙ አላስቸገረኝም። ሸራው እንደ በፊቱ መስተዋት ሆኗል፤ ዲስኩ ላይ ደግሞ ከሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ነበር። አጠገቤ ማንም ሳይኖር አፈርኩ። ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ዝገቱን ጠረግሁ፣ አዲሱ ሸራ እንዲገባ እሱን ወደ ዲስኩ የሚገፋውን ፒስተን በትንሽ ሞርሳ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ገጠምኩ።

የቀኙ ግን ገደለኝ። ሸራውን አቅፎ የሚይዘው ብረት የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። አንዱ ደርቆ ተጣብቋል። በመዶሻ ነካካሁት፣ ዘይት አፈሰስኩበት፣ ጠበቅሁ፣ እምቢ አለ። ፀሐዩ ዛፉን አልፎ ጀርባዬ ላይ ወጣ። ቁልፉን መሬት ላይ ባስቀመጥኩ ቁጥር ይጠፋብኛል። ጉልበቴ አጠገብ ሆኖ አላየውም፤ መሬቱን በመዳፌ እየጠረግሁ እፈልገዋለሁ። አንዴ ፍለጋው ሲረዝምብኝ እጄን አፈሩ ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ። አባቴ ድሩን ሲዳብስ ታየኝ። ጌታ ሆይ፣ ይቺን አንዲት ፒን ብቻ አላቅልኝ ብዬ ጸለይኩ። ስለ ዓይኔ አልጸለይኩም። ፈርቼ ነው መሰለኝ።

ባለቤቴ ውኃ በብርጭቆ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ስዞር በክርኔ ገፍቼ ደፋሁት። ሌላ አምጥታ እንደገና አስቀመጠች፤ እሱንም ደፋሁት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

መንገድ ላይ ለምን ታስቀምጪዋለሽ ብዬ ጮህኩባት። በትዳራችን ዘመን እንደዚያ ጮሄባት አላውቅም። ብርጭቆውን አንስታ ገባች።

ፒኗ የተላቀቀችው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አጽድቼ ግራሶ ቀባኋት፣ ሸራውን አስገባሁ፣ ጎማውን መልሼ አሰርኩ፣ መኪናዋን አውርጄ ድንጋዮቹን አነሳሁ። እጄ ደምቶ ነበር። ግን ጨርሻለሁ። የማንም እርዳታ ሳይኖር፣ ማንም ሳያውቅ ጨርሻለሁ። ደስታዬ ከልክ ያለፈ ነበር፤ አሁኑኑ መንገድ ላይ አውጥቼ ድምፁ መጥፋቱን መስማት ፈለግሁ። ሞተሩን አስነሳሁና ባለቤቴን በር ክፈቺልኝ አልኳት።

ፍሬን የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ከገፋህ በኋላ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ፔዳሉ ጠጠር እስኪል ደጋግመህ መርገጥ አለብህ። ካልረገጥክ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ነው። ይህን ለሌሎች ሾፌሮች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ረሳሁት።

የግቢያችን በር ሁለት የቆርቆሮ መዝጊያ አለው፤ ግቢው ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ባለቤቴ የግራውን መዝጊያ ከፍታ ወደ ቀኙ ሄደች። እኔ በግራው በኩል መንገዱን አየሁ፣ የተከፈተ መሰለኝ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ። መኪናዋ መንከባለል ስትጀምር የቀኙ መዝጊያ ጫፍ ፊቴ ድቅን አለ። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ምንም ሳይይዝ ወለሉ ድረስ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት፤ መኪናዋ ተንፏቅቃ ቆመች። የቆርቆሮውን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የእሷን።

መዝጊያው ገፍቶ ጥሏታል። ደርሼ ሳያት መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ታቅፋለች። አንጓዋ ላይ የማይሆን እጥፋት ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እዚሁ ነበርኩ» አለችኝ በጋሞኛ። ቤት ውስጥ ስንሆን የምንነጋገረው በእሱ ነው። «እጄን አንስቼ ቁም እያልኩህ ነበር።»

«ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አልኳት።

አመነችኝ። ውሸትም አልነበረም። ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አጥንቷን ያየው ሐኪም እንዴት እንደሆነ ሲጠይቅ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። ባለቤቴ ፍሬን እየሠራ ነበር፣ ፍሬኑ ከዳው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም አለችው። አንጓዋ ተሰብሯል። ጄሶ እስኪያደርጉላት ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከዚህ የተሻለ ማምለጫ እንደማላገኝ ታየኝ። ማንም የሚጠይቀኝ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ፔዳሉን ረግጬ፣ ልጆቹን ጭኜ፣ እንደ ወትሮው መሄድ እችል ነበር።

እጇ በጄሶ ተጠቅልሎ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሕመሙ ሳይለቃት የጠየቀችኝ ስለ ልጆቹ ነው።

«መጀመሪያ መካኒኩ ይየው» አለችኝ። «እነዚያን ልጆች በዚህ ፍሬን እንዳትጭን።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። የተናገርኩት ወለሉን እያየሁ ነው። ከጎን የሚመጣ ነገር እንደማይታየኝ፣ ከዓመት በላይ እንደሆነኝ፣ በሩ ላይ ፍሬኑ ቢይዝም ባይዝም እሷን እንዳላየኋት ነገርኳት። ስለ ትንሿ ልጅም ነገርኳት።

በኮሪደሩ ሰው ይመላለስ ነበር።

«በፍሬኑ አሳበብክ ማለት ነው» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔም ሐኪሙ ፊት ጠበቃ ሆንኩልህ።»

ባጃጅ ላይ ሆነን፣ ቤት ገብተንም አላናገረችኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ሰኞ ጠዋት ለባብሳ፣ በደህናው እጇ ነጠላዋን እንደምንም ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣችና ተነስ፣ የዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን አለችኝ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች፤ ዳር ዳር ብልጭ የሚሉ መብራቶች ስታሳየኝ አብዛኛዎቹን አላየሁም። የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን ጎድቶታል አለችኝ። በዘር ይወርዳል አለችኝ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ዕድሜ ልክዎን በየቀኑ ጠብታ ያደርጋሉ፣ መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ አበቃ አለችኝ። ከዓመት በፊት ብመጣ ኖሮ ብዬ ጠየቅኋት። ከጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት አንስታ የመድኃኒቱን ስም መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ዛሬ ስለመጡ እናመስግን አለችኝ።

ለወላጆቹ ራሴ መናገር ነበረብኝ። ባለቤቴ አብሬህ ልሂድ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሦስቱ ቤት ጋ ዓይኔ ታሟል፣ ሐኪም ከልክሎኛል አልኩ፤ እግዚአብሔር ይማርህ ብለው ሸኙኝ። የሐጂ ቤት ግን ያን ብቻ ብዬ መውጣት አልቻልኩም። ከሱቃቸው ጀርባ፣ የስኳርና የዱቄት ጆንያ በተደረደረበት ክፍል አስቀመጡኝ። ዓይኔ ከታመመ መቆየቱን፣ መንዳት የማይገባኝ ሆኖ ሳለ ሳሽከረክር መክረሜን ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ልጄን ጋቢና የምታስቀምጣት ለዚህ ነው?» አሉኝ።

ልጅቱ ቤት ስትገባ ጋሼ ከሁሉ አስበልጦ ፊት ነው የሚያስቀምጠኝ እያለች ስትኩራራ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«አዎ፣ ሐጂ» አልኳቸው። «እሷ ነበረች የምታይልኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢመቱኝም እጄን አላነሳም ነበር። ተነሱ፣ መጋረጃውን ገልጠው ወደ ቤታቸው ገቡ። ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ውስጥ የልጅቱ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ነገር እያወራችላቸው ነው። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«መጥተህ መናገርህ ደግ ነው» አሉኝ። «አሁን ግን ሂድልኝ።»

ቀጥለው የመጡት ወራት ከባድ ነበሩ። ባለቤቴ በተሰበረ እጇ ፋይል ማንሳት ስለማትችል ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ውለን የምንነጋገረው ስለ ውኃና ስለ ጨው ነበር። ልብሱን እኔ አጠብኩ፣ ወጡን እሷ እየነገረችኝ እኔ ሠራሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአልጋዬ ሳልነሳ ይመሻል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በሰማንያ ዓመቱ ሳይሆን በሃምሳዎቹ ውስጥ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን አባቴን አስባለሁ። ጠብታውን ራሴ ሳደርግ ዓይኔን ስቶ ጉንጬ ላይ ይወርዳል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ሳልጠራት መጣች። በግራ እጇ ጠርሙሱን ነጠቀችኝና ቀና በል አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታውን የምታደርግልኝ እሷ ናት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም።

መካኒኩ ወሬውን ሰምቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት መጣ። ስለ ጨንቻ የዋሸሁትን አላነሳብኝም። መኪናዋ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነበረች። ገብቶ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ረገጠ፤ ጠጠር አለ። ግቢው ውስጥ ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቀሳት። ጎማዎቹንም ፈትቶ አያቸው።

«ሥራህ ንጹህ ነው» አለኝ። «የቀረህ ፔዳሉን መርገጥ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ዓይን አይጠይቅም።»

ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። ለእኔ ግን ካየሁት ቀን ሁሉ የከፋው ያ ነበር። ባለቤቴን የሰበራት ጥድፊያዬ ነው፤ የጥድፊያዬ ምክንያት ደግሞ መደበቄ ነው። በዓይኔ እንኳ ማሳበብ አልቻልኩም። ማታ ለእሷ ስነግራት፣ እሱን ካወቅህ ይበቃል አለችኝ።

መኪናዋን ማንጎ የሚጭን የምዕራብ ዓባያ ሰው ገዛት። ሲወስዳት ግቢ ውስጥ አልነበርኩም፤ ሆን ብዬ ወጥቼ ነበር። አሁን በአንድ የመንጃ ማሠልጠኛ በሳምንት ሦስት ቀን የመንገድ ምልክቶችንና የመኪና ክፍሎችን አስተምራለሁ። ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ስለሆነ አይቸግረኝም። ተማሪዎቹ ከዳር እጃቸውን ሲያወጡ ስለማላይ፣ በመጀመሪያው ቀን ስለ ዓይኔ ነግሬያቸው ድምፅ እንዲያሰሙ ተስማማን።

ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ መጣች። እጇ ድኗል፤ በዝናብ ቀን ብቻ ያማታል። ሐኪሟ መብራቶቹን አሳየችኝ፣ ወረቀቱን ከበፊቱ ጋር አስተያየችና፣ ጉዳቱ ጨምሯል አልልዎትም፣ አልጨመረምም ብዬ አላረጋግጥልዎትም፣ ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ አለችኝ። ስንት ዓመት ይቀረኛል ብዬ ጠየቅኋት። እሱን እኔም አላውቅም አለችኝ።

ወጥቼ ለባለቤቴ እንደዚያው ነገርኳት። ቀኑን በወረቀት ጻፈችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቁርስ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልበላሁም ነበር።